ምንም አልጎደለብንም

ልጆቼ ጡረታ መውጣቴን ሊያከብሩልኝ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወዳለ ትልቅ ሆቴል ይዘውኝ ሄዱ። ተናድጄ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ይበርድ ይሆናል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ፤ ጭራሽ ባሰበት።

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ናዝሬት ነው፣ መሃሉን ላንጋኖ ሠራሁ፣ የጨረስኩት አዳማ ነው። ናዝሬትና አዳማ አንድ ከተማ ናቸው፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ አቧራው ያው ነው። እናም ልጄ ሰላም «እማዬ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ ተኚ» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ወንድሟ ዮናስ ክፍሉን ያዘልኝ። ዋጋውን እንዳላይ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ሰው ዋጋ ከደበቀ ብዙ ነው ማለት ነው።

ሆቴሉ ከውጭ ሲያዩት አፍ ያስይዛል። ግቢው ውስጥ ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጭ ፏፏቴ አለ። ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ሲገቡ ጭማቂ በረጅም ብርጭቆ ይሰጣል፣ ፊት መጥረጊያ ትኩስ ፎጣ በመቆንጠጫ ይቀርባል። የክፍሌ መስኮት ሐይቁን ከላይ ያሳያል። ልጆቼ ሻንጣዬን አስቀምጠው «በቃ እረፊ» ብለውኝ ሲወጡ፣ እኔ እንደ ልማዴ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፈትኩት። አንድ ሁለቴ አሳለና ዝም አለ። ከመጋረጃው ጀርባ አየሁ፣ ከበሩ ኋላ አየሁ። ባልዲ የለም።

ባልዲ ምን እንዳስፈለገኝ እንዲገባችሁ መጀመሪያ እትዬ ጥሩወርቅን ማወቅ አለባችሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ናዝሬት በተቀጠርኩበት አሮጌ ሆቴል የአልጋ አንጣፊዎች አለቃ ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሽቶ የማይወዱ ሴት ናቸው። ሽቶ የተረጨበት ክፍል ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ ይሉ ነበር። የናዝሬት ነፋስ ጠዋት የተወለወለውን መስኮት ምሳ ሳይደርስ አቧራ ያለብሰዋል፤ ስለዚህ መጋረጃ ሳይራገፍ አንሶላ አይነጠፍም። ይህን ያፈረሰች ልጅ አንሶላውን አንስታ ሥራውን ከሀ ትጀምራለች። ውሃችን ደግሞ ቧንቧ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። እሱን በተቆረጠ ሎሚ እንድናሽ ነው ያስተማሩን። በሽቦ ስትፈትግ የተገኘች ወዮላት።

ክፍሉ አለቀ ስንላቸው ጫማቸውን ያወልቁና አልጋው ላይ በጀርባቸው ይጋደማሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። እሳቸው ግን ጣሪያውን እያዩ «አንቺ የምታዪው ወለሉን ነው፣ እንግዳው የሚያየው ጣሪያውን ነው» አሉኝ፤ ቀና ስል አምፖሉ ዙሪያ የሸረሪት ድር አለ። ከአልጋው ተነሥተው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ መብራቱን ተኝተው ለማጥፋት ይሞክራሉ፣ መጸዳጃው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱ እጅ ይደርስ እንደሆነ ያያሉ። እሳቸው እንግዳ ሆነው ያላዩት ክፍል አይከራይም ነበር።

ባልዲው የእሳቸው ሕግ ነው። ናዝሬት ውሃ መጣ ሲሉት ይሄዳል። በየመታጠቢያ ቤቱ ከመጋረጃው ጀርባ ክዳን ያለው ባልዲ እስከ አፉ ሞልቶ ይቀመጣል፣ አጠገቡ ጆግ፣ ላዩ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ። ቧንቧው እንደ ልብ እየፈሰሰ እንኳ በየጠዋቱ አሮጌው ውሃ ለአበባው ይደፋና በአዲስ ይሞላል። አንዷ ጓደኛችን ውሃ እያለ ምን ያለፋናል ብላ አጉረመረመች። እትዬ ጥሩወርቅ «ባልዲ የሚሞላው ውሃ ባለ ቀን ነው። በጠፋ ቀንማ በምን ትሞይዋለሽ?» ብለው ዘጓት።

ሌላው ትምህርታቸው ስለ ሰው ነው። የእኛ አገር እንግዳ አይናገርም ይሉ ነበር። አልጋው ቢሰበር ወለል ላይ ተኝቶ ያድራል፣ ሲወጣ ግን እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ነው። ይሉኝታ አለበት፤ በተለይ ውድ ከፍሎ ከገባ ተታለልኩ ማለቱን እንደ ነውር ያየዋል። ስለዚህ እንግዳን ምን ጎደለ ብለሽ አትጠይቂ፣ ምንም ይልሻል፤ ጎድሏል ብለሽ ግቢና ፈልጊው ይሉኝ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ግን የዚህ አገር ሆቴል የነቀዘው በዝምታ መሆኑን ነው።

ከዚያ ላንጋኖ ሄድኩ። ሐይቁ ቡናማ ነው፤ እንግዳው ዋኝቶ ይወጣና በነጭ ፎጣ ይደርቃል፣ እኛ ቡናማውን ነጭ ለማድረግ ወገባችን ይቆረጣል። አለቃዬ ፎጣውን ሁሉ ቡና ቀለም አድርጎ የገላገለን ብልህ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ስለ ደመወዝ አታንሡብኝ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጆቼን ለማስተማር ስል ወደ አዳማ ተመለስኩ፤ ያኔ ባለ መስታወቱ ሆቴል አዲስ ተከፍቶ ነበር፣ የክፍሎች ተቆጣጣሪ አድርገው ቀጠሩኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ በየክፍሉ ባልዲ ማስገባት ነበር። ማንም አልከለከለኝም። እትዬ ጥሩወርቅ በሕይወት ነበሩና መጥተው እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። በአሳንሰር መውጣት ፈርተው በደረጃ ወጡ፣ አልጋው ላይ ተጋደሙ፣ ጣሪያውን አዩ። «ጥሩ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ቃል ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ነች። ሆቴሉ የሚኖረው በአዳራሹ ነው፣ የአዳራሹ ሰው ደግሞ የሚከፍለው ከመሥሪያ ቤቱ ኪስ ነው። ከራሱ ኪስ ከፍሎ የሚያድረው እንግዳ ቀስ በቀስ የእንጀራ ልጅ ሆነ። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ ነገሩ ለየለት። ሰውየው አፈ ቅቤ ነው። ለአዳራሹ አልጋ፣ ለክፍሉ ቀጋ ነበር። በመጣ በጥቂት ቀን ክፍሎቹን ዞሮ አየና አስጠራኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ይኼ እኮ ባለ ኮከብ ሆቴል ነው። ባልዲ ያየ እንግዳ ውሃ እንደሌለን ያውቃል።»

«ውሃ እኮ የለንም ጌታዬ።»

«እሱን ማወቅ የለበትም» አለኝ።

ተከራከርኩ። የሚሰማኝ ባለመኖሩ ለባለቤቱ ጭምር ተናገርኩ፤ ባለቤቱ ሥራ አስኪያጁን ጠይቂ አለኝ። ባልዲዎቹ ተሰብስበው ወደ ጓሮ ወረዱ፣ ዘበኞች መኪና ያጥቡባቸው ጀመር። በእነሱ ምትክ በየክፍሉ በረዶ ማስቀመጫ የምታብረቀርቅ ትንሽ ቆርቆሮ ተቀመጠች። በረዶ ግን አልነበረንም።

አሁን ከሁሉ ወደባሰው ቀን ልግባ። ኦቦ ቱፋ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። አዲስ አበባ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ አዳማ የሚነግደው ልጃቸው መንገዱ እንዳይጎዳቸው ብሎ እኛ ዘንድ አሳረፋቸው። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ አብረዋቸው ነበሩ። ልጁ ያስገባቸው ቀን አባቱን ደግፎ እያስገባ «ከሁሉ የተሻለውን ክፍል ስጡልኝ» ያለው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እሱ ራሱ መኪናው ውስጥ የሚተኛ ዓይነት ነጋዴ ነው። ለአባቱ ግን ስስት አልነበረውም። ከሁሉ የተሻለው ክፍል ላይኛው ፎቅ ነበር።

በማግስቱ ትልልቅ ሹማምንት የሚከፍቱት ስብሰባ ነበር። የከተማው ውሃ ጠፍቷል፣ ታንከራችን ግማሽ ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ የላይኞቹን ፎቆች የውሃ መዝጊያ አዘጋና የቀረውን ውሃ ለአዳራሹ መጸዳጃ፣ ለኩሽናና ለደጁ ፏፏቴ አደረገው። አዎ፣ ለፏፏቴው። ይህን ከቧንቧ ሠራተኛው አፍ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔን ያን ጠዋት ከፎቅ አውርደው አዳራሽ ውስጥ ወንበር አልብሺ ብለውኝ ነበር።

አዴ ጫልቱ ስልክ ደወሉ። «አሁን ይመጣል እናቴ» አሏቸው። ቆይተው ደገሙ፤ አሁን ይመጣል። ሦስተኛ መደወሉን ይሉኝታ ያዛቸው። የበረዶዋን ቆርቆሮ ይዘው በደረጃ ወረዱ፣ አሳንሰሩ ለክብር እንግዶች ተይዞ ነበርና። ሎቢው አፍ ላይ ዘበኛው ትልልቅ ሰዎች እየገቡ ስለሆነ በዚህ አያልፉም ብሎ መለሳቸው። እኔ የወንበር ልብስ ተሸክሜ በጓሮ በኩል ስመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆርቆሮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ነጠላቸውን አልብሰዋታል።

«ኢንተላ ኮ፣ ቢሻን ጂራ?» አሉኝ። ልጄ፣ ውሃ አለ ወይ ማለታቸው ነው።

ይዣቸው ወጣሁ። ኦቦ ቱፋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ከሕክምናው ወዲህ ሆዳቸው አይታዘዛቸውም፤ ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ትንንሽ የታሸጉ ውሃዎች ተሟጠዋል፣ አዴ ጫልቱ በእነሱ እያረጠቡ ሊጠርጉላቸው ሞክረዋል። ኦቦ ቱፋ ሌላ ሰው መግባቱን ሲያውቁ ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳቡት። ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሲገቡ ዘበኛው ሳይቀር ከመቀመጫው ተነሥቶላቸው ነበር። ፊታቸውን ሳይመልሱ በአማርኛ ተናገሩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ በቦይ ስመራ ኖርኩ። ሽንኩርቴ እንኳ ውሃ አጥቶብኝ አያውቅም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ወረድኩ። ከዘበኞቹ ሁለት ባልዲ ነጠቅሁ። ለገላቸው ከኩሽና ለብ ያለ ውሃ ለመንኩ፣ የኩሽናው ልጅ እግዜር ይባርከው ሳይጠይቅ ሰጠኝ። ለመጸዳጃውና ለወለሉ ከመዋኛ ገንዳው ቀዳሁ። ገንዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ አንድም የሚዋኝ ሰው የለም። ስመለስ ተሰብሳቢው ለሻይ ወጥቶ ሎቢውን ሞልቶታል። ሥራ አስኪያጁ ፈገግታውን ሳያጠፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና በጓሮ ሂጂ አለኝ። ታማሚው በዚህ በኩል ይቀርበኛል ብዬ በመሃላቸው አለፍኩ። ውሃው እብነ በረዱ ላይ ተንጠባጠበ፤ ይንጠባጠብ።

ከአዴ ጫልቱ ጋር ሆነን አጠብናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አንሶላውን ለወጥኩ፣ ማዕዘኑን እንደ ተማርኩት አጥፌ አስገባሁ፣ ትራሱን ገለበጥኩ። ስጨርስ በእጄ ላይ እጃቸውን አድርገው «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ፤ መረቁኝ። ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ አመመኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጣ። ሌላም ቀን ሊያሳርፋቸው አስቦ ነበር፣ እሳቸው ግን ቤቴ ናፈቀኝ፣ ልሂድ አሉ። ሎቢው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ እጅ ነሥቶ ተቀበላቸው። ልጅየውን ጨበጠና ወደ አባትየው ዞሮ «አባቴ፣ ቆይታዎ እንዴት ነበር? የጎደለ ነገር ነበር?» አለ። ቆርቆሮዋን ይዘው ስለ ወረዱት ሴት ዘበኛው ነግሮታል። እያወቀ ነው የጠየቀው።

ኦቦ ቱፋ የልጃቸውን ፊት አዩ። ልጅየው እንደ ተማሪ ልጅ ውጤቱን እየጠበቀ ነበር።

«ጥሩ ነበር» አሉ። «ምንም አልጎደለብንም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ። ያን አስተያየት መቼም አልረሳውም። እኔ መናገር እችል ነበር፤ ግን ብናገር የሽማግሌውን ገመና በልጃቸው ፊት መግለጤ ነው። አዴ ጫልቱ በዓይናቸው ለመኑኝ። አፌን ይዤ ቆምኩ። መኪናው ሲወጣ ፏፏቴው አጠገብ ዞሮ አለፈ፣ የሚረጨው ውሃ መስኮቱን አርጥቦት ሄደ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተሸነፍኩበት ቀን የለም። የተሸነፍኩት በጨዋነታቸው ነው፤ ሥራ አስኪያጁ የሚነግደውም በእሱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወደ ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት አወረዱኝ። እስከ ጡረታዬ እዚያው ነበርኩ። ባልዲዎቹ ሳይመለሱ፣ እትዬ ጥሩወርቅም አርፈው፣ እኔም ኬክ ተቆርሶልኝ ተሰናበትኩ።

እና አሁን ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል ውስጥ፣ የሳለው ቧንቧ ፊት ቆሜያለሁ። ስልኩን አንሥቼ ደወልኩ። ጣፋጭ ድምፅ ያላት ልጅ «አሁን ይመጣል እናቴ» አለችኝ። ጠበቅሁ። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁን ይመጣል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል፤ የዘንድሮ ሆቴል እንግዳን ከነሻንጣው ሲገባ ጀምሮ ብረት አድርጎታል። በዚህ መሃል ዮናስ በሩን አንኳኩቶ አንገቱን አስገባ። ፊቱ በርቷል።

«እንዴት ነው እማዬ? ተመቸሽ?»

«ጥሩ ነው ልጄ» አልኩት። «ምንም አልጎደለኝም።»

ደስ ብሎት ሄደ። እኔ ግን ከአፌ የወጣውን ቃል ሰማሁት። የኦቦ ቱፋ ቃል ነው። ልጄ ከጉሮሮው ነጥቆ የከፈለበትን ክፍል መጥፎ ነው ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ ያን ቀን እሳቸውን ምን እንደያዛቸው ገባኝ። ከዚያ ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። በራሴም፣ በዚያ ሥራ አስኪያጅም፣ በዚህኛውም ነደድኩ። ጠረጴዛው ላይ የበረዶ ማስቀመጫ ቆርቆሮ አለች፣ ያችው የምታብረቀርቀዋ። ይዣት ወረድኩ።

ሎቢው ሞልቷል። ሙሽሮች ሐይቁን ከኋላ አድርገው ፎቶ ሊነሡ መጥተዋል፣ ሚዜዎች ይንጎራደዳሉ። ወደ መቀበያው ሄጄ ቆርቆሮዋን ለልጅቷ ዘረጋሁላት።

«ውሃ ቅጂልኝ» አልኳት።

ልጅቷ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋባት። ዘበኛው መጥቶ «እማማ፣ ወደ ጎን በኩል ይሁኑ» አለኝ። ትልቁ ሶፋ መሃል ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ቆርቆሮዋን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ነጠላ ግን አላለበስኳትም። ሰላም ሮጣ መጣች። «እማዬ በቃ፣ ሰው እያየን ነው» ብላ ክንዴን ሳበችኝ። «ይየን እንጂ» አልኳት። ዮናስ ከኋላዋ ቆሞ ቆርቆሮዋን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፋ። የልጄን አንገት ማስደፋት ቀላል አልነበረም፤ ተመልሼ ልነሣም ቃጥቶኝ ነበር። ያን ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠች፣ ወርቅ በወርቅ የሆነች ሴትዮ ወደ ባሏ ዘንበል ብላ «የእኛም ክፍል እኮ ውሃ የለም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ከሚዜዎቹ አንዱ «የሙሽሮቹም ክፍል የለም፣ ዝም ብለን ነው» አለ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም ለየብቻቸው አፍረው ተቀምጠው ነበር።

አንድ ኮት የለበሰ ሰው ከውስጥ ወጥቶ ይቅርታ አለና ስልክ ደወለ። በአጭሩ ነው የተናገረው፤ ክፈተው ነው ያለው። ወደ ክፍሌ ወጥቼ ቧንቧውን ስከፍት ውሃው እየፎከረ ወረደ። ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፤ ነበረ። ሲረጭ የዋለው ፏፏቴ ይመስክር። አንድ እጅ አንድ መዝጊያ እስኪያዞር ድረስ ነው ስንቱ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛው።

ጠዋት ስንወጣ ቆርቆሮዋን እስከ አፏ ሞላሁ። መታጠቢያ ቤት ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥኳት፣ ንጹሕ ፎጣ አለበስኳት። ከእኔ በኋላ ለሚገባው ሰው ነው። ለአንድ ሰው ፊት መታጠቢያ እንኳ አትበቃም፤ ባዶ ትቻት ግን መውጣት አልቻልኩም።

ቁልፍ ስንመልስ ጣፋጭ ድምፅ ያላት ልጅ ለዮናስ ፈገግ ብላ ቆይታችሁ እንዴት ነበር አለችው። ልጄ ጨዋ ነው፣ አሳዳጊው እኔ ነኝ። ጥሩ ነበር ሊል አፉን ሲከፍት አየሁትና እጁን ያዝኩት።

«ጥሩ አልነበረም» አልኳት። «ውሃ ጎድሎብን ነበር።»